ወደ ዳር ማለት ያቃተው ሊቀመንበር

አለቃውን በጨዋታ አሸንፎ በሰላም ቤቱ የገባ ሰው ካለ እባካችሁ አሳዩኝ! እኔ በዕድሜዬ አላጋጠመኝም። ዳማ ይሁን ካርታ፣ ከፈራሚ ሰው ጋር የተቀመጠ ሁሉ የሚጫወተው ጨዋታውን አይደለም፤ የሰውየውን ፊት ነው። ፊቱ ፈካ ሲል ትንሽ ገፋ ታደርጋለህ፤ ጠቆር ሲል እጅህ ላይ ያለውን ንጉሥ ራሱ ወርውረህ "አይ ጌታዬ፣ እርስዎንማ ማን ይችልዎታል!" ትላለህ። "እኔ እንኳ እንደዚያ አይደለሁም" የምትል አንባቢ አትጠፋም... ቆይ እስቲ! ባለፈው የአለቃህ ልጅ ሲመረቅ ከእናትየው ቀድሞ እንባ ያፈሰሰው ማን ነበር?

ይሁን፣ አላጋልጥህም። የራሴን ላውጋህ።

ጊዜው ደርግ ነው። እኔ አቃቂ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እሠራ ነበር። አዲስ የመጡትን ማሽኖች ሊተክል ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የተላከ አንድ ፈረንጅ ነበረን፤ ወዛደሩ ሁሉ "ጓድ ፈረንጅ" ነው የሚለው። ሥራውን ጨርሶ ሊሄድ ሲል ዕቃውን ማደል ጀመረ። ለአንዱ ጃኬት፣ ለአንዱ ጫማ፣ ለአንዱ መላጫ... እኔ ዓይኔን እሱ በነበረው ሬድዮ ላይ ተክዬ፣ ያን ሰሞን የማሽኑን ዘይት ከእሱ ቀድሜ እየጠረግሁ ስሽቆጠቆጥ ከረምኩ። ደግነቱ አልረሳኝም። በመጨረሻው ቀን ጠራኝና አንድ ሰፊ ካርቶን በሁለት እጁ አቀበለኝ፤ ከዚያ ጣቶቹን እንደ አውሬ ጥፍር አጣጥፎ፣ ጥርሱን አግጥጦ "ኧኧኧ!" ብሎ ሳቀ። ሬድዮውን ለዘበኛው ሰጠው።

ካርቶኑን ቤቴ ወስጄ ስከፍተው ጨዋታ ነው። የዓሣ ማጥመድ ጨዋታ! ግን ምን ዓይነት ዓሣ...

ሰሌዳው ላይ ባሕር ተስሏል። ዳር ላይ መብራት የበራባት ትንሽ ቤት አለች። ከዳር እየራቁ ሲሄዱ ውሃው እየጠቆረ፣ እየጠቆረ ይሄድና መጨረሻው ላይ፣ ድቅድቁ ውስጥ፣ ከታች ሽቅብ የሚያይ አንድ ትልቅ ዓይን አለ። ዓሣዎቹ በካርድ በካርድ ተሠርተዋል። የዳሮቹ ደህና ናቸው፤ ጠብሰህ ብትበላቸው አይጸጽትህም። ጠለቅ ስትል ግን የሰው ጥርስ ያለው ዓሣ፣ ሆዱ ላይ ዓይን ያበቀለ ዓሣ፣ ይባስ ብሎ አምስት ጣት ከነጥፍሩ ያለው ዓሣ!

"አዑዙ ቢላህ!" አለች ባለቤቴ ዘይነባ። "ሰው ከፈረንጅ ብርድ ልብስ ያመጣል፤ አንተ ጂን በካርቶን ታመጣለህ?"

"ጨዋታ እኮ ነው ዘይኑ።"

"አዎ፣ የጂን ጨዋታ!"

እውነቱን ለመናገር እኔ ያን ያህል አልደነገጥኩም። ፋብሪካ ቀይ የነከረ ዕለት ቀይ፣ ሰማያዊ የነከረ ዕለት ሰማያዊ ሆኖ የሚወርደውን ወንዛችንን እያየ ለኖረ የአቃቂ ሰው ጣት ያለው ዓሣ ምኑ ይገርመዋል? እኛ ወንዝ ውስጥ ዓሣ ቢኖር ኖሮ ጣት ብቻ አይደለም፣ ጓንትም ያደርግ ነበር።

የጨዋታው ሕግ የተጻፈበት ወረቀት ካርቶኑ ውስጥ ነበር፤ ግን ቋንቋውን የሚያነብ ሰው አቃቂ ውስጥ አልተገኘም። ስለዚህ የገባኝን ያህል ገባኝ፣ ያልገባኝን ከራሴ ጨመርኩበት። እንዲህ ነው፦ ጀልባህን ይዘህ ባሕር ትወጣለህ። በሉዶ የሚጣለውን የመሰሉ ጠጠሮች ትጥላለህ፤ ፊታቸው ላይ ወይ ዓሣ አለ ወይ ዓይን። ዓሣ ሲመጣልህ ትይዛለህ። ሁለት ዓይን ባንድ ላይ ከመጣብህ ግን ጭራቁ ከሥር ይነሣል! ጀልባህንም፣ ዓሣህንም፣ አንተንም ጥርግ አድርጎ ይበላና ከባዶ ትጀምራለህ። አንዴ ጥለህ በጨረስክ ቁጥር ምርጫ አለህ። "ወደ ዳር" ብለህ የያዝከውን ይዘህ መመለስ ትችላለህ፤ ወይም "ጥልቅ" ብለህ አንድ ጠጠር ጨምረህ ደግመህ ትጥላለህ። ጠለቅ ባልክ ቁጥር ዓሣው ይተልቃል፣ ጭራቁም ይቀርብሃል። የሚቆጠርልህ ዳር ያደረስከው ብቻ ነው።

አየህ? ጨዋታው ሌላ ምንም ጥበብ የለውም፤ መቼ እንደሚበቃህ ማወቅ ብቻ ነው። ይህን ነው እንግዲህ በደርግ ዘመን ይዤ የመጣሁት!

እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ከጎረቤቴ ከጋሽ ተክሌ ጋር እንጫወት ጀመር። ጋሽ ተክሌ በጡረታ የተገለሉ የባቡር ሰው ናቸው። ሃይማኖታቸው ኦርቶዶክስ፣ ድምፃቸው ሎኮሞቲቭ። ቀስ ብለው መናገር አይችሉም። ጭራቁ ሲነሣ እሳቸውም ከወንበራቸው ይነሣሉ።

"ተነሣብን! ጭራቁ ተነሣብን! ሰይድ፣ ጀልባውን አዙር! ሳይበላን ወደ ዳር እንውጣ!"

"ጋሽ ተክሌ፣ ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ጎረቤት ይሰማል..."

"ይስማ! ምን አጠፋሁ?"

ይህን ሁሉ ስንጮህ ዘይነባ አትስቅም፣ አትቆጣምም። ልቧ ሌላ ቦታ ነበር። ታናሽ እህቷ ሐዋ፣ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ልትዳር ነው። እናታቸው የሞተችው ሐዋ ጡት ሳትጥል ነው፤ ልጅቷን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት ዘይነባ ናት። "እትዬ ዘይነባ ሳትመጣ ኒካሕ አይታሰርልኝም" ብላ ልካለች ሐዋ። ታዲያ በዚያ ዘመን ካገር አገር ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግሃል። ወረቀት ከሌለህ የመጀመሪያው ኬላ ላይ ከአውቶብስ አውርደው ሻንጣህን ብቻ አይደለም፣ ሐሳብህንም ይፈትሹታል። ወረቀቱን የሚፈርመው ደግሞ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ ጓድ ደምሴ ነው። ከአብዮቱ በፊት የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነበር፤ ከአብዮቱ በኋላ የሚጠግነው እኛን ሆነ። በሄድኩ ቁጥር "ነገ ና" ይለኛል። ሠርጉ እየቀረበ፣ ነገ እየራቀ ሄደ።

አንድ እሁድ ጋሽ ተክሌ ጭራቅ በልቷቸው ሲጮሁ በሩ ተበርግዶ ተከፈተ። ጓድ ደምሴ! ከኋላው ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ ቆሟል። ቆሌዬ ተገፈፈ። ለካ አንድ ደግ ጎረቤት ሪፖርት አድርጎልናል፤ "እነ ሰይድ ቤት በየሳምንቱ ሕገ ወጥ ስብሰባ አለ፤ በጀልባ ከአገር ሊወጡ እየዶለቱ ነው" ብሎ።

"ጀልባው የት ነው?" አለ ጓድ ደምሴ።

"የቱ ጀልባ ጓድ?"

"ጀልባው!"

ጋሽ ተክሌ ከሰሌዳው ላይ ጥፍር የምታክለውን የእንጨት ጀልባ አንሥተው መዳፉ ላይ አስቀመጡለት። "ይኸውና ጓድ። ከነመቅዘፊያው።"

ጓድ ደምሴ ጀልባዋን አገላብጦ አየ። ሥሯንም አየ። ከዚያ ፊቱን ወደኔ አዞረ።

"ጭራቅ የምትሉትስ? ጭራቁ ማነው?"

በዚያ ዘመን ለዚህ ጥያቄ መልስ ሞልቶ ነበር፤ ችግሩ አንዱም ከአፍ የሚወጣ አይደለም። ጋሽ ተክሌ እንኳ፣ እኒያ ዝም ማለት የማያውቁት ሰውዬ፣ ጣራውን ማየት ጀመሩ።

"ኢምፔሪያሊዝም ነው ጓድ!" አለች ዘይነባ ከጓዳ ብቅ ብላ።

ጓድ ደምሴ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። "ዓሣዎቹስ?"

እኔ ቂሉ ሚስቴ በአንድ ቃል ስትመሰገን አይቼ ቀናሁ። "ሰፊው ሕዝብ ነዋ!" አልኩ።

"ታዲያ ሰፊውን ሕዝብ እያጠመደ የሚበላው ማነው?"

ጋሽ ተክሌ ሳል ጀመራቸው፤ ከአቃቂ ተነሥቶ ሞጆ የሚደርስ ሳል።

"ምርት ነው ጓድ! ዓሣው ምርት ነው!" አለች ዘይነባ በፍጥነት። "ባለቤቴ ትንሽ ንቃቱ ዝቅ ያለ ነው።"

"ይታያል" አለ ጓድ ደምሴ። "ለመሆኑ ይህን ዕቃ የሠራው ማነው?"

"የወዳጅ ሶሻሊስት አገር ሥራ ነው ጓድ።"

ይህን ሲሰማ ቆቡን አወለቀ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "እንዲያ ከሆነ... እስቲ ልገምግመው" አለ።

ዘይነባ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ገባኝ። ይህ ሰው ዛሬ ካሸነፈ፣ ደስ ብሎት ከዚህ ቤት ከወጣ፣ ወረቀቱ ተፈረመ ማለት ነው። ጋሽ ተክሌንም በጠረጴዛ ሥር እግራቸውን ነካ አደረግኋቸው። ሰውየውን እናሸንፈዋለን ብለን አይደለም የተቀመጥነው፤ በአንድ ልብ ልንሸነፍ ነው!

የመጀመሪያውን ጠጠር ጣለ፤ ዓሣ! ፊቱ በራ፤ ሕፃን ልጅ መሰለ። ደገመ፤ ዓሣ! ጀልባው ሞላ።

"አሁን ወደ ዳር ይበሉ ጓድ" አሉ ጋሽ ተክሌ፤ እንደ እሳቸው አቅም በሹክሹክታ።

"ወደ ዳር ምንድነው?"

"ማለትም... ወደ ኋላ ተመልሰው የያዙትን..."

"ወደ ኋላ?!" በር ላይ የቆመው ጥበቃ ዞር አለ። ጓድ ደምሴ ጥበቃውን አየ፤ እኛን አየ፤ ደረቱን ነፋ። "አብዮታዊ መሪ ወደ ኋላ አይልም ጓድ ተክሌ! ወደፊት!"

ጠጠሮቹ ተንከባለሉ። ሁለት ዓይን። ጭራቁ ጥርግ አድርጎ በላው።

ጓድ ደምሴ ሰሌዳውን ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ "ጠጠሩን ያቀበለኝ ማነው?" አለ።

"እኔ ነኝ ጓድ።"

"ግለሂስ አድርግ!"

ምን ቁርጥ አድርጎኝ እምቢ እላለሁ? ብድግ አልኩና "ጠጠሩን ለጓድ ሊቀመንበር ሳቀብል አስፈላጊውን አብዮታዊ ጥንቃቄ ባለመውሰዴ..." ብዬ ራሴን ቤቴ ውስጥ፣ ሚስቴ ፊት፣ ለአንድ ወረቀት ዓሣ ስል ወቀስኩ። እሱን ግን ግለሂሱ አልጠቀመውም። ደግሞ ወጣ፤ ደግሞ ሞላ፤ ደግሞ "ወደፊት!" አለ፤ ደግሞ ተበላ።

የኔ ተራ ሲደርስ ቶሎ ተበልቼ ልገላግለው ብዬ "ጥልቅ!" አልኩ። ዓሣ! "ጥልቅ!" ዓሣ! የሰው ጥርስ ያለው መጣ። "ጥልቅ!" ባለ ጣቱ መጣ። ወገኖቼ፣ ሬድዮ ስመኝ ጂን የሰጠኝ ዕድሌ፣ መሸነፍ ስፈልግ ጊዜ ጀግና አደረገኝ! ጭራቁ ራሱ ፈራኝ መሰለኝ። ጋሽ ተክሌ "ተው እንጂ ሰይድ!" እያሉ ይጮሁብኛል፤ እኔ ተው ልል ብፈልግ ማንን ልለምን? ዓሣው ጀልባዋን ሸፈናት። ዘይነባ ጓዳ በር ላይ ቆማ ሻሿን ነክሳለች።

"ጓድ ሰይድ" አለ ጓድ ደምሴ ቀስ ብሎ፣ "ብዙ ያካበትክ ይመስለኛል።"

"ለቀበሌው ኅብረት ሱቅ ነው ጓድ! በሙሉ ለኅብረት ሱቁ ነው!"

ደም ሥሩ ተገትሮ ነበር። ብድግ አለ፤ ቆቡን ደፋ። "ይህ ጨዋታ ለጥናት ተወርሷል!" አለና ጥበቃውን ካርቶኑን አሸከመው።

"ጓድ ሊቀመንበር... የይለፍ ወረቀቱ ነገርስ?" አልኩ ከኋላው።

"ነገ ና።"

ነገ ሄድኩ። ቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ሰው ተኮልኩሏል። ስኳር የሚፈልግ፣ መታወቂያ የሚፈልግ፣ የሞተበት ሳይቀር ቆሞ ይጠብቃል። "ስብሰባ ላይ ናቸው" ይላል ጥበቃው። በማግስቱም ስብሰባ ላይ ናቸው። ከማግስቱም በኋላ። ሰው "ምን ቢመጣ ነው እንዲህ ሌት ተቀን የሚመክሩልን?" እያለ ይጨነቃል። እኔ ግን በመስኮቱ በኩል የማውቀውን ድምፅ ሰማሁ። ጠጠር ጠረጴዛ ላይ ይንከባለላል... "ወደፊት!" ይባላል... ከዚያ መላው ኮሚቴ ባንድ ድምፅ "ኤጭ!" ይላል።

ለዘይነባ ነገርኳት። ሐዋ ልካላት የነበረውን የሠርግ ልብስ ካስቀመጠችበት አወጣች፣ አየችው፣ አጣጥፋ መለሰችው። ከዚያ ነጠላዋን ለበሰችና "ተነሥ፣ እንሂድ" አለችኝ።

"ስብሰባ ላይ ናቸው እኮ ዘይኑ።"

"እኔም ተሰብሳቢ ነኝ!"

ጥበቃው በሩ ላይ ሊከለክለን ሲል ፊቴን አየኝና "አንተ አይደለህ የጨዋታው ባለቤት? ግባ፣ ግባ! ሲፈልጉህ ነበር" ብሎ ወደ ውስጥ ገፈተረን።

ኮሚቴው በሙሉ ጠረጴዛውን ከቦ ተቀምጧል። ጢማቸው አድጓል፣ ዓይናቸው ደም ለብሷል። ሰሌዳው መሃል ላይ ተዘርግቷል። ዳር ላይ ያለችው ትንሿ ቤት ደጇ ባዶ ነው። አንድ ዓሣ የለም!

"ጓድ ሰይድ" አለ ሊቀመንበሩ፣ "ይህ ዕቃ ሳቦታዥ፣ አሻጥር ተሠርቶበታል። ይህን ሁሉ ቀን ታግለን አንድ ዓሣ ዳር አልደረሰም።"

"ይቅርታ ጓድ... ከመካከላችሁ 'ወደ ዳር' ያለ ሰው አለ?"

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ማንም የለም። እንዴት ይኖራል? ሊቀመንበሩ "ወደፊት" ያለበት ስብሰባ ላይ የትኛው ምክትል ነው "እኔስ በቃኝ፣ ልመለስ" የሚለው? ያችን ቃል የተናገረ ሰው ዓሣውን ይዞ ይገባል፤ በማግስቱ ግን ፋይል ይከፈትለታል። ስለዚህ ሁሉም እየፎከረ ወጣ፣ ሁሉም እየፎከረ ተበላ። ጭራቁ በአንድ ሳምንት የቀበሌውን አመራር በሙሉ ደጋግሞ በልቶ ወፍሮ ነበር።

"እኔ ልሞክር?" አለች ዘይነባ።

ኮሚቴው ሳቀ። "አንቺ?" አለ ጓድ ደምሴ።

"አዎ። ካሸነፍኩዎት የይለፍ ወረቀቱን አሁኑኑ ይፈርሙልኛል።"

ፈገግታው ጠፋ። ኮሚቴው ሁሉ ፊቱን እያየ ነው። ይህ ሰው ዓሣ ይዞ መመለስ ያልቻለ ሰው ነው፤ ከሴት ፊት እንዴት ይመለሳል? "ወደፊት!" አለና ጠጠሩን አስጠጋላት።

ዘይነባ "ቢስሚላህ" ብላ ጣለች። አንድ ዓሣ መጣላት፤ ያቺ የዳሯ፣ የቀጨጨችዋ። "ወደ ዳር" አለች።

"ምን አልሽ?" አለ አንዱ ኮሚቴ።

"ወደ ዳር ነው ያልኩት። ገባሁ።"

"አንድ ዓሣ ይዘሽ?"

"ይበቃኛል።"

ጓድ ደምሴ ወጣ። ያዘ፣ ያዘ፣ ያዘ... "ወደፊት!" ተበላ። ዘይነባ አንድ ዓሣ፤ ወደ ዳር። ጓድ ደምሴ፣ የሰው ጥርስ ያለውን ሳይቀር ጭኖ፣ "ወደፊት!" ተበላ። ዘይነባ ሁለት መጣላት፤ ወደ ዳር። የትንሿ ቤት ደጅ ላይ ቀጫጭን ዓሣዎች ተሰለፉ። ኮሚቴው አንገቱን አስግጎ ያቺን ሰልፍ ብቻ ያያል። አንዱማ ምራቁን ሲውጥ ሰማሁት።

"ይህ የንዑስ ከበርቴ አጨዋወት ነው!" ብሎ ጠረጴዛውን መታ ሊቀመንበሩ። "ራእይ የሌለው! ትግል የሌለው!"

ዘይነባ ጠጠሩን አስቀመጠች። "ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ባሕር ውስጥ ጉዳይ የለኝም" አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ የተንቀጠቀጥኩት እኔ ነኝ። "እናታችን ስትሞት እህቴ ጡት አልጣለችም ነበር። በጀርባዬ ነው ያሳደግኳት። ስትዳር እናት ሆኖ የሚቆምላት የለም፤ ያለሁት እኔ ነኝ። ሠርጓ ላይ ካልደረስኩ የዚህን ባሕር ዓሣ በሙሉ ቢሰጡኝ ምን ይሠራልኛል? የምፈልገው ቤቷ መድረስ ነው።"

ያን ቀን ሚስቴን እንደ አዲስ ወደድኳት፤ ከእናንተ ምን እደብቃለሁ!

ጓድ ደምሴ ወረቀት ሳበ። ጻፈ። ማኅተሙን እፍ ብሎ መታው። ዘይነባ ተቀብላ አነበበችና "የባለቤቴስ?" አለች።

"ጓድ ሰይድ ይቆያል" አለ፤ ዓይኑን ከሰሌዳው ላይ ሳይነቅል። "ይህን ወደ ዳር የሚባለውን ነገር በተግባር ያስተምረናል። ሥልጠናው ሲጠናቀቅ የሱም ይፈረማል።"

እሷ በማግስቱ ልጆቻችንን ይዛ በጠዋቱ አውቶብስ ሄደች። እኔ የሥልጠና ኃላፊ ሆኜ ቀረሁ።

ጓድ ደምሴ ኮሚቴውን አስወጥቶ በሩን ዘጋ። ብቻውን ሊማር ነው። ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ አንድ ቃል እኮ ነው! ዓሣ ይይዛል፤ አፉን ይከፍታል፤ "ወ... ወደ..." ይላል፤ ግንባሩ ላይ ላብ ይወጣል፤ እኔ "አይዞዎት፣ ዳር... ዳር..." እላለሁ፤ "ወደፊት!" ይላል። ይበላል። ዕቃ ሰብሮ እንደተያዘ ልጅ ያየኛል። እንደገና። "ወደ... ወደ... ወደፊት!" ይበላል። ለዓመታት በሰልፍ፣ በስብሰባ፣ በጥናት ክበብ ሲጮሃት የኖረች ቃል ከምላሱ ላይ አልወርድ አለች። እውነቴን ነው፣ አሳዘነኝ!

በመጨረሻ መላ መጣልኝ። "ጓድ፣ ቃሏን ብቻ ከሚሏት መፈክር ያድርጓት። ክንድዎን ያንሡና 'ወደ ዳር እንገሰግሳለን!' ይበሉ።"

ዓይኑ በራ። አንድ ዓሣ ያዘ። ተነሣ። ክንዱን ወደ ላይ ወረወረ። "ወደ ዳር... እንገሰግሳለን!" ጀልባዋን በእጁ እየገፋ፣ ዓሣዋን ትንሿ ቤት ደጅ ላይ አስቀመጣት። ከዚያ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ ያቺን መብራት የበራባትን ቤት ማየት ጀመረ።

"ጓድ ሰይድ" አለ ኋላ፣ "የናቴ ቤት በር እንዲህ ነው። ከተመረጥኩ ወዲህ አላየኋትም።"

"ለምን አይሄዱም ጓድ?"

"እኔ ለሰው ሁሉ እፈርማለሁ። ለኔ ማን ይፈርምልኛል?"

እኔ አፌ መቼ ያርፍልኛል! "ፈራሚው እርስዎ፣ ማኅተሙም እርስዎ ጋ አይደለም እንዴ?" አልኩት።

ቀና ብሎ ተመለከተኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና "ጥሩ አስተማሪ ነህ። ነገ ጠዋት ና፤ ያንተን እፈርማለሁ" አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ "ነገ ና" ሲለኝ አመንኩት።

ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ፣ ጫማዬን አስጠርጌ ሄድኩ። ከቀበሌው በአውቶብስ ተራ በኩል ሐይቅ ለመድረስና ለኒካሑ ለመብቃት የቀረኝ ፊርማ ብቻ ነው። ግቢው ውስጥ ኮሚቴው ቆሞ ይጯጯሃል። ቢሮው ክፍት ነው። መሳቢያው ክፍት ነው። ማኅተሙ የለም፤ ጓድ ደምሴም የለም! ጎሕ ሲቀድ ሻንጣ ይዞ አውቶብስ ሲሳፈር ያየው ሰው አለ። ኬላው ላይ ሲጠየቅም በራሱ የተፈረመ፣ በራሱ የታተመ የይለፍ ወረቀት አሳይቶ በሰላምታ ተሸኝቷል። አንድ ተማሪ አስተማርኩ፤ ተማሪዬ ከኔ ቀድሞ ዳር ወጣ!

"የኔን ወረቀት ማን ይፈርምልኛል?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"አዲስ ሊቀመንበር ሲመረጥ ይታያል" አሉና ገብተው በሩን ዘጉ። ቆሜ ስጠብቅ ከውስጥ ያችን ድምፅ ሰማሁ፤ ጠጠር ይንከባለላል። ከዚያም "ወደፊት!" ተባለ። ሻንጣዬን አንሥቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ጋሽ ተክሌ ደጃፌ ላይ ቆመው ሻንጣዬን ሲያዩ፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አይዞህ ልጄ" አሉኝ። በዚህ ጊዜ ሆድ ባሰኝ።

ሠርጉ ያለፈ ሰሞን ዘይነባ ከልጆቹ ጋር መጣች። ፊቷ ላይ ያየሁት ብርሃን የቀረሁበትን ቁጭት ሁሉ አስረሳኝ።

"እንዴት ነበር?"

"ማሻአላህ! ሐዋ እጄን ይዛ አለቀቀችኝም። በናቷ ቦታ እኔ ነበርኩ የቆምኩላት።" ዓይኗን ጠረገች። "ስላንተ ያልጠየቀኝ ሰው የለም። 'ባልሽ የት ቀረ? ምነው ናቀን?' ሲሉኝ ዋሉ።"

"ታዲያ ምን አልሻቸው?"

"ቀበሌ ይዞት ቀረ ብል ሠርግ ቤቱን ላስደነግጥ ነው። ጨዋታ ያስተምራል ብል ደግሞ ሊያሙህ ነው። እንዲያው አፌ ላይ የመጣልኝን... ባሕር ላይ ነው አልኳቸው።"

"ባሕር ላይ?! አመኑሽ?"

"ምን ማመን ብቻ! ሽማግሌዎቹ ተነሥተው፣ ሠርገኛው ሁሉ እጁን ዘርግቶ፣ 'በሰላም ወደ ዳር ያውጣው' ብለው ዱዓ አደረጉልህ።"

"አሚን!" አልኩ። በዚያ ዘመን ከዚህ የተሻለ የይለፍ ወረቀት የት ይገኝ ነበር?